የልጆች ኔፍሮቲክ ሲንድረም ግርሻ ምንድን ነው?

ኔፍሮቲክ ሲንድረም የኩላሊት ማጣሪያዎች ተጎድተው በደም ውስጥ መቅረት የሚገባው ፕሮቲን፣ በተለይም አልቡሚን፣ በብዛት ወደ ሽንት የሚያልፍበት ሕመም ነው። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው ዓይነት ከበሽታ መከላከያ ሥርዓት መዛባት ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒት አብዛኞቹን ልጆች በ4 ሳምንት ውስጥ ያሻሽላቸዋል። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ መዛባቱን ያረግበዋል እንጂ ከሥሩ አይነቅለውም፤ በዚህም ምክንያት ከተሻላቸው ልጆች መካከል አብዛኞቹ ቢያንስ አንድ ጊዜ ያገረሽባቸዋል። ስለዚህ ግርሻ የበሽታው ጠባይ እንጂ ሕክምናው ለመክሸፉ ማስረጃ አይደለም።

ሐኪሞች በሽታው አገረሸ የሚሉት በሽንት ውስጥ ያለው ፕሮቲን በመመርመሪያ ስትሪፕ (ሽንት ሲነካው ቀለሙን በሚለውጥ ቀጭን ቁራጭ) ሲለካ ለ3 ተከታታይ ቀናት 3 ፕላስ (3+) ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። እብጠት የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ጎንደር ውስጥ አንድ ልጅ ዓይኑ ዙሪያውን አብጦ ሲነሣ «ብርድ መትቶት ነው» ይባልና፣ ከሰዓት በኋላ እብጠቱ ሲቀንስ ነገሩ ይረሳል፤ ቀድሞ በዚህ በሽታ የታከመ ልጅ ከሆነ ግን ሽንቱ በዚያው ዕለት መመርመር አለበት። ይህም ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው፦ የመመርመሪያው ስትሪፕ በጧት ሽንት ተነክሮ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ከማሸጊያው ላይ ካለው የቀለም ሠንጠረዥ ጋር ይመሳከራል፤ ቢጫው ወደ ደማቅ አረንጓዴ ባደላ መጠን ፕሮቲኑ በዝቷል ማለት ነው። ውጤቱን በየቀኑ በደብተር መመዝገብ ለሐኪሙ ከቃል ገለጻ የበለጠ ይጠቅመዋል።

ግርሻን በብዛት የሚቀሰቅሰው ጉንፋንና የመሳሰለው ኢንፌክሽን ነው። ሌላው መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቋረጥ ሲሆን፣ ከዳባት ወይም ከጭልጋ ለሚመላለስ ቤተሰብ ክኒኑ ከቀጠሮው በፊት ማለቁ፣ ወይም ፀበል ሲገባ መቆሙ ያጋጥማል። ፀበሉን መከታተል መድኃኒቱን ለማቆም ምክንያት አይሆንም፤ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን በድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ራሱ የሚያመርተው ከመድኃኒቱ ጋር ተመሳሳይ የሆነ ሆርሞን ስለሚያንስ ሕይወትን እስከ ማሰጋት ይደርሳል።

እብጠት ባለበት ጊዜ ጨው መቀነስ ይገባል። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁ ጨው ስለሚገባባቸው ወጡ ላይ አለመጨመር ብቻውን አይበቃም።

ከፕሮቲኑ ጋር ኢንፌክሽን የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮችም በሽንት ስለሚወጡ፣ ባገረሸበት ልጅ ላይ ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መወሰድ ይኖርበታል።