ጌይለርድ ኔልሰን፦ የዊስኮንሲኑ አገረ ገዥና የምድር ቀን ጅማሮ

ጌይለርድ ኔልሰን (እ.ኤ.አ. 1916–2005) በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛትን በአገረ ገዥነት ያስተዳደሩ፣ ቀጥሎም ግዛታቸውን ወክለው በፌዴራሉ ሴኔት 18 ዓመት ያገለገሉ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ፖለቲከኛ ነበሩ። ስማቸው ይበልጥ የሚታወቀው በየዓመቱ ኤፕሪል 22 ቀን የሚከበረውን የምድር ቀን በመመሥረታቸው ቢሆንም፣ ለዚያ ያበቃቸውን ልምድ ያካበቱት በግዛታቸው አስተዳደር ውስጥ ነው።

የተወለዱት ክሊር ሌክ በተባለች ትንሽ የገጠር ከተማ፣ ከሐኪም አባትና ከነርስ እናት ነው። ሕግ ተምረው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በውትድርና አገልግለው ከተመለሱ በኋላ በ1948 ለግዛቱ ሴኔት ተመረጡ፤ በ1958 ደግሞ የአገረ ገዥነቱን ምርጫ አሸነፉ።

በአገረ ገዥነታቸው ዘመን ከሠሩት ሁሉ የላቀው በ1961 ያጸደቁት የመሬት ግዢ መርሐ ግብር ነው። መርሐ ግብሩ በ10 ዓመት ውስጥ 50 ሚሊዮን ዶላር ወጪ ተደርጎ ለፓርክ፣ ለዱር እንስሳት መጠለያና ለሕዝብ መዝናኛ የሚሆን መሬት ከባለይዞታዎች እየተገዛ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የሚያደርግ ሲሆን፣ ገንዘቡ የተገኘው በአንድ ፓኮ ሲጋራ ላይ 1 ሳንቲም ቀረጥ በመጣል ነው። ሸክሙ ለእያንዳንዱ ገዢ እጅግ ቀላል፣ ውጤቱ ግን ማንኛውም ዜጋ ሄዶ ሊያየው የሚችል በመሆኑ፣ የተፈጥሮ ጥበቃ ለፖለቲከኛ ድምፅ እንደሚያስገኝም በተግባር አስመስክሯል።

በ1963 ወደ ፌዴራሉ ሴኔት ሲገቡ ግን ዋሽንግተን ለጉዳዩ ጆሮ አልሰጠችውም። ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ በዚያው ዓመት መስከረም ወር በተለያዩ ግዛቶች ተዘዋውረው ስለ ተፈጥሮ ሀብት እንዲናገሩ ኔልሰን አሳምነዋቸው ነበር፤ ይሁንና ተከትለዋቸው የሄዱት ጋዜጠኞች ትኩረት ያደረጉት የኑክሌር ጦር መሣሪያ ሙከራን በሚገድበው ዓለም አቀፍ ስምምነትና በሌሎች ጉዳዮች ላይ ስለነበር ጉዞው የታሰበለትን ያህል ሕዝቡን አላነቃነቀም።

መፍትሔው የመጣላቸው በ1969 ነው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ድፍድፍ ነዳጅ የፈሰሰበትን የካሊፎርኒያውን የሳንታ ባርባራ ባሕር ዳርቻ ጎብኝተው በአውሮፕላን ሲጓዙ፣ የቬትናም ጦርነት ተቃዋሚዎች በየዩኒቨርሲቲው ስላዘጋጁት የውይይትና የማስተማሪያ መድረክ አነበቡ፤ ይኸው ዘዴ ለአካባቢ ጥበቃም እንደሚሠራ ወዲያው ታያቸው። በመስከረም ወር ሲያትል ላይ ሐሳቡን ይፋ አደረጉ። የሪፐብሊካን ፓርቲውን የምክር ቤት አባል ፒት መክሎስኪን ተባባሪ ሊቀመንበር፣ ወጣቱን ዴኒስ ሄይስን ደግሞ አስተባባሪ አድርገው ሰየሙ። ዕለቱ ተማሪዎች ከፀደይ ዕረፍት ተመልሰው ለፈተና ሳይቀመጡ እንዲውል ታስቦ ኤፕሪል 22 ቀን 1970 ተመረጠ።

በዕለቱ 20 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደተሳተፈ ይገመታል። ይህ ሊሆን የቻለው፣ በእኔ ግምት፣ ኔልሰን ከላይ ወደ ታች ትእዛዝ ስላላወረዱ ነው፤ እያንዳንዱ ትምህርት ቤትና ከተማ የራሱን ወንዝ፣ የራሱን ጭስና ቆሻሻ ርእስ አድርጎ በራሱ መንገድ አከበረው። እሳቸውም በንግግራቸው ዓላማው ንጹሕ አየርና ውኃ ብቻ ሳይሆን የሰው ልጅና ሌላው ፍጡር ሁሉ ተከብሮ የሚኖርበት አካባቢ መሆኑን አስረድተዋል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ተቋቋመ፤ የተጠናከረው የንጹሕ አየር ሕግም ጸደቀ። የንጹሕ ውኃ ሕግ በ1972፣ ሊጠፉ የተቃረቡ ዝርያዎችን የሚጠብቀው ሕግ በ1973 ተከተሉ። ኔልሰን በ1980 ምርጫ መንበራቸውን ካጡም በኋላ ዱር አካባቢዎችን ለመጠበቅ በሚሠራ ማኅበር ውስጥ በአማካሪነት ቀጠሉ። በ1995 የፕሬዚዳንቱ የነጻነት ሜዳልያ ተሸለሙ፤ በ2004 ደግሞ በሱፒሪየር ሐይቅ ላይ የሚገኙት፣ ሴናተር ሳሉ በብሔራዊ ጥብቅነት እንዲያዙ የታገሉላቸው የአፖስትል ደሴቶች አብዛኛው ክፍል በስማቸው የተሰየመ ጥብቅ ዱር ሆነ።