ሚሼል ድሩኬር፦ የፈረንሳዮች የእሁድ እንግዳ ተቀባይ

ፈረንሳይ ውስጥ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አቅራቢውን ሚሼል ድሩኬርን የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። አያት ያውቃቸዋል፤ የልጅ ልጅም ያውቃቸዋል። ቴሌቪዥን ውስጥ ሥራ የጀመሩት በ1964 ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ አገሪቱን የሚመራት ዴ ጎል ነበር። ከዚያ ወዲህ ፕሬዚዳንቶች እየተፈራረቁ ማክሮን ላይ ተደርሷል፤ ድሩኬር ግን ካሜራ ፊት እንዳሉ ናቸው።

የተወለዱት ሴፕቴምበር 12 ቀን 1942 ቪር በምትባል የኖርማንዲ ከተማ ነው። ዘመኑ ክፉ ነበር። ፈረንሳይ በናዚ ጀርመን እጅ ወድቃለች፤ ቤተሰቡ ደግሞ አይሁድ ነው። አባታቸው አብርሃም ድሩኬር ከሩማንያ መጥተው ፈረንሳይ ውስጥ ሕክምና የተማሩ ሐኪም ነበሩ። በዚያው በ1942 ተይዘው ታሰሩ። በኋላም ከፓሪስ አጠገብ ወዳለው የድራንሲ ካምፕ ተወሰዱና እዚያ እስረኛ ሐኪም ሆኑ። ከድራንሲ ከ60 ሺህ በላይ አይሁዶች በባቡር ወደ ሞት ካምፖች ተግዘዋል። አብርሃም ተረፉ። ወደ ቪር ሲመለሱ የጠበቀቻቸው በ1944 የአየር ድብደባ የፈራረሰች ከተማ ናት።

እንዲህ ያለ ነገር ያለፈ አባት ከልጆቹ አንድ ነገር ይፈልጋል፦ ትምህርት። ታላቅየው ዣን የአገሪቱ ከፍተኛ ባለሥልጣናት የሚወጡበት ትምህርት ቤት ገባ። ታናሽየው ዣክ እንደ አባቱ ሐኪም ሆነ። መሀል ላይ ያለው ሚሼል ግን አልሆነለትም። ማትሪክ እንኳን ሳያልፍ ትምህርቱን ተወ። አባት ይህ ልጅ ምን ይሆን ብለው ተጨነቁ። ድሩኬር አርጅተውም ስለዚህ ጉዳይ ማውራት አይሰለቻቸውም። እኔ እንደሚመስለኝ የሥራቸው ሞተር እዚህ ጋ ነው ያለው።

በ21 ዓመታቸው በመንግሥት ቴሌቪዥን የስፖርት ክፍል ገቡ። በዚያን ጊዜ የቤቱ ትልቅ ሰው ሌዎን ዚትሮን ነበር፤ ከእግር ኳስ እስከ ነገሥታት ሠርግ ያላስተላለፈው ነገር የለም። ወጣቱ ሚሼል ከእሱ ሥር ሆኖ ሙያውን ተማረ። በሜይ 1968 ጋዜጠኞች ሥራ ሲያቆሙ እሱም አብሮ አቆመ፤ ከሥራ ተባረረና ቆይቶ ተመለሰ። ከስፖርቱ ጎን ለጎን ቀስ በቀስ ወደ ሙዚቃና መዝናኛ ተሻገረ።

በ1975 የእሁድ ፕሮግራም ያዙ። ከዚያ ፕሮግራም ጋር የተያያዘ አንድ መራር ቀን አለ። ማርች 11 ቀን 1978 ዘፋኙ ክሎድ ፍራንሷ ለቀረጻ ስቱዲዮ ይጠበቅ ነበር። ሰዓቱ ደረሰ፤ ሰውየው የለም። ፓሪስ በሚገኘው ቤቱ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ኤሌክትሪክ ይዞት ሞቶ ነበር። ገና 39 ዓመቱ ነው።

ስማቸው የገነነው ግን ከ1982 እስከ 1990 «ሻንዜሊዜ» በተባለው የቅዳሜ ማታ ፕሮግራም ነው። አንቴን 2 በተባለው የሕዝብ ጣቢያ ላይ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። እንግዶች በመኪና ይመጣሉ፤ ከአገር ውስጥም ከባሕር ማዶም ያለ ታዋቂ ሰው ያልፍበታል። የቀጥታ ስርጭት ደግሞ አደጋ አለው። ኤፕሪል 5 ቀን 1986 የሆነውን እንይ።

አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ዊትኒ ሂውስተን 22 ዓመቷ ነው። ድሩኬር አጠገብ ተቀምጣለች። እዚያው ታዋቂው ዘፋኝ ሰርዥ ጌንስቡር አለ፤ ሞቅ ብሎታል። በፈረንሳይኛ የሚላትን ድሩኬር ለዘብ አድርገው ሊተረጉሙላት ሞከሩ። እሱ አልተዋቸውም። ለአንዲት ሴት በአደባባይ የማይባል ነውር በእንግሊዝኛ ፊት ለፊት ተናገረ። ልጅቷ ክው አለች። ድሩኬር ቶሎ ብለው «ጎበዝ ነሽ ማለቱ ነው» በሚል መንፈስ ለማለፍ ሞከሩ፤ ግን አንዴ ካፍ ወጥቷል። ሚሊዮኖች ሰምተዋል። ይህ ቅጂ ዛሬም ይዞራል፤ ብዙዎች ይስቁበታል። እኔ የሚያስቅ ነገር አይታየኝም። ለሥራ መጥታ የተዋረደች ወጣት እና እንግዳውን ከእንግዳ ማዳን ያቃተው ጋባዥ ነው የማየው።

ከዚያ ወደ ግሉ ጣቢያ ቴኤፍ 1 ሄደው «ስታርስ 90»ን አቀረቡ። በ1994 ወደ ሕዝብ ቴሌቪዥን ተመለሱ። በሴፕቴምበር 1998 የጀመሩት «ቪቭማን ዲማንሽ» ደግሞ በቀይ ሶፋው ይታወቃል። የፕሮግራሙ ስም «እሁድ በደረሰ» እንደ ማለት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ዋና እንግዳ ይጋበዛል፤ ከዚያ እሱ የሚወዳቸውን ሰዎች ይዞ ይመጣል። ወዳጅ፣ አስተማሪ፣ አብሮ አደግ። ሰው ወዳጁ አጠገቡ ሲኖር ይለሰልሳል፤ ጠያቂው ብዙ መናገር አያስፈልገውም። ተዋናይም ፖለቲከኛም ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ድሩኬር ሁሉንም ያመሰግናሉ፣ ከባድ ጥያቄ አይጠይቁም ተብለው ይተቻሉ። ፖለቲከኛ ሲቀርብ ትችቱ ልክ ነው። ለዘፋኝና ለተዋናይ ግን የእሳቸው ዝምታ የሚያወጣውን ወሬ አፋጣጭ ጥያቄ አያወጣውም።

ቤተሰቡም በካሜራ ዙሪያ ነው። ወንድማቸው ዣን በ1987 ኤም 6 የተባለውን ጣቢያ ከመሠረቱት አንዱ ነበር፤ በ2003 በድንገት ሞተ። የዣን ልጅ ማሪ ጋዜጠኛ ናት። የዣክ ልጅ ሌያ ደግሞ በ2019 የፈረንሳይ ሲኒማን ትልቅ ሽልማት ሴዛርን በምርጥ ተዋናይትነት ወስዳለች። ሚሼል ራሳቸው ከተዋናይቷ ዳኒ ሳቫል ጋር የተጋቡት በ1973 ነው። ከሥራ ውጭ ብስክሌት ይወዳሉ፤ ሄሊኮፕተርም ያበራሉ።

በ2020 ልባቸው ታመመ። ከባድ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ለወራት ከስርጭት ጠፉ። በማርች 2021 ከስተው ተመለሱ፤ ሶፋቸው ላይ ተቀመጡ። በ2022 ፕሮግራሙ ከፍራንስ 2 ወደ ፍራንስ 3 ሲዛወር ሰማንያ ዓመት ሞልቷቸዋል። አብረውት ተዛወሩ።