ጅማ ላይ ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? ተማሪዎች የሚይዟቸው የተሳሳቱ ግምቶችና እውነታው

«ውኃ የትም ቦታ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል።» ይህ ትክክል የሚሆነው በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ዝቅ ይላል፤ ስለዚህም ውኃው 100 ሳይደርስ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በቤተ ሙከራ ቴርሞሜትሩ 94 ላይ ሲቆምበት መሣሪያው የተበላሸ መስሎት በደብተሩ 100 ብሎ የሚጽፍ ተማሪ፣ ያየውን ትቶ የሸመደደውን መመዝገቡ ነውና ከቁጥሩ ይልቅ ልማዱ ሊታረም ይገባል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው ግምት «እሳቱ በበረታ ቁጥር ቦሎቄው ቶሎ ይበስላል» የሚለው ነው። ውኃው አንዴ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ የሚጨመረው ከሰል ውኃውን ቶሎ ያተነዋል እንጂ ሙቀቱን ከ94 ዲግሪ ከፍ አያደርገውም። ጊዜውን የሚያሳጥረው እንፋሎቱን አምቆ ግፊት የሚፈጥር ድስት ነው፤ በውስጡ ያለው ውኃ ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃልና።

«ክረምት የሚቀዘቅዘው ምድር ከፀሐይ ስለምትርቅ ነው።» ምድር ከፀሐይ እጅግ የምትርቀው በእርግጥም በሰኔ መጨረሻ ስለሆነ፣ ይህ ግምት ጎበዝ ተማሪን ሳይቀር ያሳስታል። ሆኖም የዚያን ጊዜው ርቀት 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በታኅሣሥ መጨረሻ ከሚኖረው 147 ሚሊዮን የሚበልጠው በ3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ደግሞም በዚያው ወቅት ካይሮ በሙቀት ትቃጠላለች። ጅማን የሚያቀዘቅዛት ፀሐይዋን የሚጋርደው ደመናና ዝናቡ ነው። እንዲያውም በሰኔና በሐምሌ ፀሐይ በቀትር ከአናታችን ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል፣ ደመናው ገለል ሲል የቆመ ሰው ጥላ ወደ ደቡብ ያርፋል።

«ኤሌክትሪክ የመነጨበት ውኃ ኃይሉ ተሟጥጧል።» ተርባይኑን የሚያዞረው ውኃው ከከፍታ ሲወርድ የሚሰጠው ጉልበት ነው፤ ውኃው ራሱ አይለወጥም። በጅማ ዞን የሚገኘውና 184 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግልገል ጊቤ አንድ የለቀቀው ውኃ ወደ 26 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ዋሻ አልፎ የግልገል ጊቤ ሁለትን ተርባይኖች ያዞራል። የሁለተኛው አቅም 420 ሜጋዋት ሊሆን የቻለውም ውኃው የሚወርድበት ከፍታ ከመጀመሪያው እጅግ ስለሚበልጥ ነው።

«ሞባይል መብረቅ ይስባል።» አይስብም። የሚያሰጋው በነጎድጓድ ጊዜ ቻርጀር ላይ የተሰካ ስልክ ይዞ ማውራትና ለብቻው ከቆመ ዛፍ ሥር መጠለል ነው።