ኢሺጉሮ በአራት ሳምንት ጻፈው ለምትሉኝ ሁሉ

ሰሞኑን አንድ ልጅ ሦስት መቶ ምናምን ገጽ ረቂቅ ታቅፎ መጣልኝ። ሥራዬ አርታኢነት ስለሆነ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። "በ26 ቀን ነው የጨረስኩት፣ ምንም እንዳትነካብኝ፣ ኢሺጉሮም እኮ የቀኑ ቅሪትን በአራት ሳምንት ነው የጻፈው" አለኝ። እንግሊዛዊውን ደራሲና The Remains of the Day የተባለውን ልቦለዱን ማለቱ ነው። ይቺን አራት ሳምንት ስንቴ እንደሰማኋት መቁጠር ትቻለሁ። ስለ ሰውዬው ከሚወራው ውስጥ ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልበልና ወደሷ እመጣለሁ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)።

"ጃፓናዊ ደራሲ ነው፣ የምናነበው ትርጉሙን ነው።" ካዙኦ ኢሺጉሮ በ1954 ናጋሳኪ ተወለደ እንጂ በአምስት ዓመቱ እንግሊዝ ገብቶ እዚያው ነው ያደገው፣ የሚጽፈውም በእንግሊዝኛ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልቦለዶቹ ላይ ያለችው ጃፓን ራሱ በጭንቅላቱ የሠራት ናት፣ ምክንያቱም አገሩን ተመልሶ ያየው በ1989 ነው።

"ኖቤል ያሸለመው የቀኑ ቅሪት ነው።" አይደለም። እሱ መጽሐፍ ያገኘው ቡከር የተባለውን የእንግሊዝ የልቦለድ ሽልማት ነው፣ በ1989። የ2017ቱ ኖቤል ለጠቅላላ ሥራው ነው።

"ከልጅነቱ ደራሲነት ነበር ህልሙ።" ኧረ ጊታር ይዞ ዘፋኝና ዘፈን ጸሐፊ ለመሆን ነበር የሚሯሯጠው፣ አልተሳካም።

"አሳላፊ ሆኖ ሳይሠራ እንዲህ ሊጽፍ አይችልም።" የዚሁ መጽሐፍ ተራኪ የትልቅ ቤት አሳላፊ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚሉት፣ ደራሲው ግን ሆኖ አያውቅም። ቢቀርብ ቢቀርብ በ1973 ለንግሥቲቱ እናት የአደን ወፍ ከቁጥቋጦ እያባረረ አስነስቷል፣ በቃ።

አሁን ወደ አራቱ ሳምንት። ነገሩ ውሸት አይደለም፣ ራሱ ነው ያወራው፣ ግን ሰው ግማሹን ይዞ ይሮጣል። ጊዜው የ1987 የእንግሊዝ በጋ ነው። ሰውዬው አንድ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል ሳይቀረው ከመጀመሪያው ምዕራፍ ብዙም ሳይርቅ ተቀምጧል፣ ግብዣውና ቀጠሮው በዝቶበት። ከባለቤቱ ጋር ተማከሩና ለአራት ሳምንት ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ተኩል መጻፍ ብቻ፣ ለምሳ አንድ ሰዓት ለራት ሁለት ሰዓት፣ ስልክ የለም ደብዳቤ የለም እንግዳ የለም፣ የሱን ድርሻ የቤት ሥራ እሷ ያዘችለት። ይሄ ሁሉ ሲሆን ደግሞ ስለ እንግሊዝ የቤት አገልጋዮች፣ በሁለቱ ጦርነቶች መሀል ስለነበረው ፖለቲካ ቀድሞ አንብቦ ጨርሷል።

ዋናው ደግሞ ይሄ ነው፦ ጠዋት የጻፈው ከሰዓት ከጻፈው ጋር ቢጋጭ ግድ አልነበረውም፣ ዝም ብሎ ይቀጥላል፣ ምክንያቱም ያ ገና ረቂቅ ነው። በአራቱ ሳምንት የታሪኩ አካል ነው የተገኘው እንጂ በደንብ ጽፎ ለማውጣት ሌላ ብዙ ጊዜ ወስዷል፣ መጽሐፉም የታተመው በ1989 ነው። ይቺን የኋለኛዋን ክፍል ማንም አይነግራችሁም፣ አትጥምማ።

የ2015ቱን ልቦለዱን፣ የተቀበረው ግዙፍን (The Buried Giant) ደግሞ የመጀመሪያ ገጾቹን ባለቤቱ አንብባ ይሄ አይሆንም፣ ከዜሮ ጀምር አለችው። ጀመረ። በሱና በፊተኛው ልቦለዱ መሀል አሥር ዓመት አለ። እና እባካችሁ አርታኢ ጋ ከመምጣታችሁ በፊት እንዲህ ፊት ለፊት የሚላችሁ አንድ ሰው ፈልጉ፣ ጓደኛ "አሪፍ ነው" ሲል አትስሙት፣ ጮክ ብላችሁ ለራሳችሁ አንብቡት፣ ረቂቁንም ለሁለት ሦስት ወር አርቃችሁ አስቀምጡት።

የልጁን ረቂቅ ወስጄ አነበብኩት። ቋንቋው አይከፋም፣ እንዲያውም አንድ የለቅሶ ቤት ትዕይንት አለው፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የተሰበረች ወንበር ላይ ማን ይቀመጥ እያለ የሚተያይበት፣ ቀናሁበት። ግን ገጽ 41 ላይ የቀበራት አክስት ገጽ 112 ላይ በር ትከፍታለች። ስነግረው "ኢሺጉሮም እኮ ይጋጭ ነበር አላሉም?" አለኝ። አክስትህ ትሙት ወይ ትኑር ወስንና ና አልኩት። እስካሁን አልመጣም።