የቤተሰብ ፋውንዴሽን ምንድን ነው? የባለሀብቱ ኪስ እንዳይመስላችሁ

ሰሞኑን በሬዲዮ አንድ ተንታኝ ስለ በጎ አድራጎት ሲያወራ ሰማሁ። የቤተሰብ ፋውንዴሽንን፣ ማለትም አንድ ቤተሰብ በራሱ ሀብት አቋቁሞ ለበጎ ሥራ ብር የሚሰጥበትን ድርጅት፣ የባለሀብቱ ሁለተኛ ኪስ አድርጎ ነው የገለጸው። ቤተሰቡን የሚያውቅ ሰው ያገኘ ጉዳዩ አለቀ፣ ያላገኘ ፕሮፖዛል ሲጽፍ ይኖራል ዓይነት ነገር። እንዲህ ሲባል ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከጀሞ እስከ ሰበታ ያሉ ትናንሽ ማኅበራት ይህንኑ አምነው ነው የሚመጡት። ሥራዬ በፋውንዴሽን ውስጥ ማመልከቻቸውን አንብቤ ለቦርድ ማቅረብ ነውና ዝም ማለት አቃተኝ።

አንድ ቤተሰብ ፋውንዴሽን ካቋቋመ፣ የሰጠው ብር ከእጁ ወጥቷል። ዓላማው በደንብ ተጽፏል። ቦርድ አለው፣ ኦዲት ይደረጋል፣ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ሪፖርት ያቀርባል። መሥራቹ ጋሼ ነገ ተነሥተው «ለእገሌ ስጡት» ቢሉ ይሰማሉ፣ ይከበራሉ። ቦርዱ ካልወሰነ ግን ቼክ አይፈረምም።

እድርን አስቡት። ብሩ አንዴ ከገባ የማንም አይደለም። ዳኛው የገዛ ወንድሙ ቢሞትበት እንኳ ደንቡ ከሚለው በላይ አውጥቶ አይወስድም። እድር ለለቅሶ ነው፤ ሰርግ አለብኝና ብር ስጡኝ ብትሉ ጸሐፊው ይስቅባችኋል። ሰፈርም አለው፤ የአቃቂ እድር አያት ድረስ ሄዶ ድንኳን አይተክልም። ድንኳኑም ተመዝግቦ ይወጣል፣ ሲመለስ ካስማው ሳይቀር ይቆጠራል። በፋውንዴሽንም የመጀመሪያው ዙር ብር ሪፖርት ሳይገባ ሁለተኛው ዙር የማይለቀቀው ለዚሁ ነው። ክፋት አይደለም። በአንድ ነገር ግን ይለያያሉ። የእድር አባል ወር በወር አዋጥቷል፣ ስለዚህ ሲቸግረው መብቱን ነው የሚጠይቀው። አመልካች ምንም አላዋጣም። «ለምን አልተሰጠንም፣ እኛም ድሆች ነን» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰኝ ልቤ ይነካል፤ ቦርድ ፊት ግን የሚያስረዳልኝ ነገር የለውም።

ተንታኙ ይህን ቢሰማ «ወረቀት ላይ ነው እንጂ፣ የሚወስነው ያው ቤተሰቡ ነው» ማለቱ አይቀርም። ግማሹ እውነት ነው። ቦርዱ ላይ የቤተሰብ አባላት ይቀመጣሉ፤ ፋውንዴሽኑ ማየት ለተሳናቸው ልጆች ያደላ ከሆነም ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የቤተሰቡ ታሪክ ነው። ግን በዚሁ ምክንያት ነው ዘመድ ፍለጋ የሚጎዳችሁ። በደንብ የሚመራ ቦርድ ላይ፣ ከአመልካቹ ጋር ዝምድና ወይም ቅርበት ያለው አባል ጉዳዩ ሲታይ ወጥቶ ይቀመጣል። ድምፅ አይሰጥም። እናንተ ወዳጅ ያፈራችሁ መስሏችሁ ምናልባት የሚደግፋችሁን አንድ ሰው ከስብሰባው አስወጣችሁት ማለት ነው።

ኪስ ነው ብሎ ያመነ ሰው ደግሞ ማመልከቻውን ለደላላ ይሰጣል። በፐርሰንት ፕሮፖዛል የሚጽፉ አሉ። ጽሑፋቸውን ገና ከመጀመሪያው አንቀጽ እናውቀዋለን። ኮዬ ፈጬ ላለ መዋዕለ ሕፃናት የቀረበ ጥያቄ ውስጥ ስለ አርብቶ አደሮች ድርቅ የሚያትት ገጽ ሲገኝ ምን ይባላል? ያ መዋዕለ ሕፃናት ምናልባት በጣም ጥሩ ይሆናል። ሞግዚቷ ራሷ በአንድ ገጽ ብትጽፍልኝ እመርጥ ነበር። ስንት ልጆች እንዳሉ፣ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፣ የቤት ኪራይ ውል መቼ እንደሚያልቅ።

ቦታን ካነሣሁ አይቀር፣ ዳር ዳሩን ላላችሁ አንድ ነገር ልበል። ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን በኦሮሚያ ክልል በአንድ ከተማ አስተዳደር ሥር ናቸው። ቢሯችሁ ቃሊቲ ሆኖ ሥራችሁ ገላን ከሆነ፣ የድጋፍ ደብዳቤውም ሆነ የፕሮጀክት ስምምነቱ ከየት እንደሚመጣ ቀድማችሁ አጣሩ። «አዲስ አበባና አካባቢዋ» ብሎ መጻፍ አያድንም። የፋውንዴሽኑ ደንብ አዲስ አበባ ብቻ የሚል ከሆነ፣ ድንበሩን የሚያልፍ ፕሮጀክት ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይፈቀድም።

ስለ በጀትም ሳልጠየቅ ልናገር። ብዙዎች አሁንም የቀድሞውን የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ 621/2001 እየፈሩ ደመወዝ ይደብቃሉ። ያኔ 70/30 የሚባል ነገር ነበር፤ ቢያንስ 70 በመቶ ለዓላማው ሥራ፣ ቢበዛ 30 በመቶ ለአስተዳደር ማለት ነው፤ ለአሰልጣኝ የወጣ የመንገድ ወጪ ሳይቀር አስተዳደራዊ ተብሎ ይቆጠር ነበር። አሁን ያለው አዋጅ 1113/2011 ነው። አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ አይበልጥም፤ ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ወጪ ግን የፕሮጀክት ወጪ ነው። ስለዚህ የመምህሯን ደመወዝ «የጽሕፈት መሣሪያ» ውስጥ አትሸጉጡት። በግልጽ ጻፉት። የተሸጎጠ ቁጥር ኦዲተር ያገኘው ቀን እናንተም እኛም እንጠየቃለን።

ፋውንዴሽን በየዓመቱ ከሀብቱ 5 በመቶ የማውጣት ግዴታ አለበት ብለው የሚከራከሩኝም ገጥመውኛል። ያ የአሜሪካ የግብር ሕግ ነው፤ እዚያ የተቋቋሙትን የግል ፋውንዴሽኖች ነው የሚያስገድደው። እዚህ ሰፈር ያለውን አታስጨንቁበት።

እሺ፣ ቤተሰቡን የሚያውቅ ሰው ካላችሁስ? ካላችሁማ አትደብቁት፤ ማመልከቻው ላይ ዝምድናውን በአንድ መስመር ጻፉ። አማልደን ግን አትበሉት። ሁለት ነገር ጠይቁት፤ ዘንድሮ ፋውንዴሽኑ የሚደግፈው ምን ዓይነት ሥራ ነው፣ ቦርዱስ መቼ ይሰበሰባል? ከስብሰባው በኋላ የደረሰ ማመልከቻ የሚቀጥለውን ስብሰባ ይጠብቃል፤ የማንም የአክስት ልጅ ቢያመጣው።