ታኬታ ሲያም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከደብረ ማርቆስ እስከ ቡሬ አመሻሽ ላይ ኳስ የሌለበት ሜዳ የለም። ዳር ላይ ታኬታውን አውልቆ እግሩን የሚያሻሽ ልጅም አይጠፋም። ጓደኞቹ «ቻለው፣ ይለምዳል» ይሉታል። ልኩ ያልሆነ ታኬታ ግን አይለምድም።

«ሲደረግ ሲደረግ ይሰፋል»

የተፈጥሮ ቆዳ በጎን በኩል ትንሽ ይለቃል። ርዝመቱ ግን ያው ነው። ሰው ሠራሹ ደግሞ ያችንም ያህል አይለቅም። አውራ ጣት ዛሬ ጫፉን ከነካ፣ ከሁለት ወር በኋላም ይነካል። ሮጦ ድንገት በቆሙ ቁጥር ጣት ስለሚጋጭ ጥፍር ይጠቁራል።

«ሰፋ ያለ ይገዛለት፣ ያድግበታል»

በዚህ ኑሮ ወላጅ እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ችግሩ ሰፊ ታኬታ ውስጥ እግር መንሸራተቱ ነው። ተረከዝ ከፍ ዝቅ ሲል ይላጣል፣ ውሃ ይቋጥራል። በአውሮፓ ቁጥር በ41 እና በ42 መካከል ያለው ልዩነት 7 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሁለት ሦስት ቁጥር መዝለል ግን ብዙ ነው።

ለመግዛት ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ እግር ሲውል ያብጣል። የኳስ ካልሲ አድርጉ። ሁለቱንም እግር ለኩ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ይበልጣል፣ የሚገዛውም ለትልቁ ነው። ቆማችሁ ስትለኩ ከአውራ ጣት ፊት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ይትረፍ። ለሚያድግ ልጅ አንድ ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ስትራመዱ ተረከዙ ከተነሳ ግን ተዉት።

«ክሩን ጥብቅ ማድረግ ነው»

ሁሉም ቦታ ከጠበቀ እግር ይደነዝዛል። መጀመሪያ ተረከዝን ወደ ኋላ ማስደገፍ፣ ከዚያ በጣቶች በኩል ላላ፣ በቁርጭምጭሚት በኩል ጠበቅ ማድረግ ነው።

«ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ምድጃ ዳር ማድረቅ ያለሰልሰዋል»

ሙጫውን ያስለቅቃል፣ ቆዳውን ይሰነጥቃል። የክረምት ጭቃ የነካውን ጠርጋችሁ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ላይ አድርቁት።

«ጥርሱ የረዘመ ይሻላል»

ለጭቃ አዎ። በበጋ የደረቀ ሜዳ ላይ ግን ረጅሙ ጥርስ መሬት ስለማይገባ መልሶ የሚወጋው እግርን ነው። ለደረቅ ሜዳ አጭርና በዛ ያለ ጥርስ ያለው ይሻላል።

«ካሳመመኝ በባዶ እግሬ እጫወታለሁ»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ምሥራቅ ጎጃም ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው የዝሆኔ ዓይነት በብዛት ከሚታይባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ብዙ ሰው እርግማን ወይም ተላላፊ ይመስለዋል። ሁለቱም አይደለም። ቀይ አፈር ለዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ፣ ጥቃቅን የማዕድን ብናኞች በቆዳ አልፈው ይገቡና ትርፍ ፈሳሽን ከእግር የሚመልሱትን የሊምፍ ቱቦዎች ይጎዳሉ። አንድ ጨዋታ ይህን አያመጣም፤ ጫማ የጠላ ልጅ ግን ከሜዳ ውጭም ማውለቅ ይለምዳል። ታኬታ መግዛት ካልተቻለ ልኩ የሆነ ሸራ ጫማ ይበቃዋል። ከጨዋታ በኋላ እግሩን በሳሙና ይታጠብ፣ የጣቶቹንም መሃል ያድርቅ።