ዳታቤዝ፣ ባክአፕና አበል፦ ሐዋሳ ላይ የምንሰማቸው ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ «ዳታቤዝ አድሚኒስትሬተር (ዲቢኤ) ነኝ፣ የድርጅት መረጃ የሚቀመጥበትን ቋት እጠብቃለሁ» ብትሉ ሰው ቀድሞ የሚጠይቃችሁ ፕሪንተሩ ለምን እንደማይሠራ ነው። እሱስ ግድ የለም። ሥራ የሚያበላሹት ሌሎቹ የተሳሳቱ አባባሎች ናቸው።

«ዲቢኤ ሲስተም ሲጠፋ የሚጠራ ሰው ነው»

ባንክ ተሰልፎ «ሲስተም የለም» የተባለ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። አብዛኛው ሥራችን ግን ሲስተሙ ደህና እያለ የሚሠራ ነው። ማን ምን ማየት እንደሚችል መቆጣጠር፣ የሚጎተተውን ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ፈልጎ ኢንዴክሱን (መልሱን ቶሎ የሚያስገኘውን ማውጫ) ማስተካከል፣ ዲስኩ ሳይሞላ መድረስ። በደንብ ሲሠራ አይታይም። ደመወዝ ለማስጨመር ይህ አይመችም።

«ባክአፕ አለን፣ ምን ያሰጋናል?»

ብዙ ያሰጋል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ የተባለው፣ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድርጅት የደረሰበትን እንይ። አንድ ባለሙያ አልስተካከል ያለውን ተጠባባቂ ሰርቨር ሊያጸዳ ብሎ ዋናውን ሰረዘው። ደንግጦ ሲያስቆመው ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ነበር። ወደ ባክአፑ ሲሮጡ ባዶ ነው። ለካ ባክአፕ የሚያወጣው ፕሮግራም ቨርዥኑ 9.2፣ ዳታቤዙ ደግሞ 9.6 ኖሮ በየቀኑ ሲከሽፍ ከርሟል። መክሸፉን የሚናገረው ኢሜይልም ማንም ጋ አልደረሰም። የተረፉት አደጋው ከመድረሱ 6 ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ ለሌላ ሥራ በተነሣ ኮፒ ነው። ከዚያ ወዲህ የገባው ዳታ ቀረ።

ስለዚህ ፋይሉ ፎልደር ውስጥ ስለተቀመጠ ባክአፕ አለን ማለት አይቻልም። ሌላ ሰርቨር ላይ መልሱት፣ ክፈቱት፣ የትናንቱ መዝገብ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ሪፕሊካም (ዋናውን ዳታቤዝ እየተከተለ የሚገለብጥ ሁለተኛ ሰርቨር) ባክአፕ አይደለም፤ ዋናው ላይ በስህተት የሰረዛችሁት ወዲያው እዚያም ይሰረዛል።

«ኮንፈረንስ አበል ለመብላት ነው»

ጥርጣሬው ከመሬት አልተነሣም። ከተማችን የስብሰባ ከተማ ናት፤ ከምሳ በኋላ ከአዳራሹ ይልቅ አሞራ ገደል ዓሣ ቤት የሚገኝ ተሳታፊም ሞልቷል። ግን ኮንፈረንስ ላይም ቁም ነገር አይጠፋም። መድረክ ላይ የሚቀርበው የተሳካው ነው፤ ያልተሳካው የሚወራው ሻይ ላይ ነው።

የራሳችሁን አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። ለምሳሌ አንዱ መዝጋቢ «ፀሐይ» ብሎ ያስገባል፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ይፈልጋል፤ ኮምፒውተሩ «የለችም» ይላል። መፍትሔው ስሙን ሁለት ቦታ መያዝ ነው፦ አንዱ ባለቤቱ እንደጻፈው፣ ሌላው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ወደ አንድ ተጠቅልለው ለፍለጋ ብቻ። የካቲትን ፌብሩዋሪ ብላችሁ የካቲት 30ንም በፈረንጅ የቀን ዓምድ ውስጥ ለማስገባት ሞክሩ፤ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ አይቀበላችሁም። ይህን ከአገር ልጅ በተሻለ የሚነግራችሁ የለም።

«ውጭ ካልተሄደ ትምህርት የለም»

ፎስዴም የተባለው የነፃና ክፍት ሶፍትዌር ኮንፈረንስ በየዓመቱ ብራስልስ ውስጥ ይካሄዳል። መግቢያው ነፃ ነው፤ ችግሩ ቪዛውና ቲኬቱ ነው። ንግግሮቹ ግን ተቀርጸው በነፃ ይለቀቃሉ፣ ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ የሚሠሩ ሰዎችም እዚያ ይናገራሉ። ኔትወርክ ሲሻሻል አውርዱ። የወደቀ ሲስተም እንዴት እንደተነሣ የሚተርኩትን አስቀድሙ፤ አዲስ ምርት የሚያስተዋውቁት ይቆዩ።